ዋስ ተጠርቶለት ያልተለቀቀ ሰው፦ የካውንቲው እስር ቤት በር በማን እጅ ነው?

መነሻ ጽሑፍ

ውድ ወገኖች፣ ይህን ጥያቄ ወደዚህ መድረክ ያመጣሁት በእድራችን ስብሰባ ላይ አንሥቼው መልሱን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው በመካከላችን ስላጣሁ ነው። የባለቤቴ የአጎት ልጅ በአትላንታ ዙሪያ ካሉት ካውንቲዎች በአንዱ ይኖራል፤ የካውንቲውን ስም መጥቀስ ለጉዳዩ ስለማይበጅ ትቼዋለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከመጋዘን የሌሊት ፈረቃ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንደኛው የኋላ መብራቱ ስለማይበራ ፖሊስ አስቆመው። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ውሳኔ አላገኘም፤ መንጃ ፈቃዱም ከሥራ ፈቃዱ ጋር እኩል ቀኑ አልፎበት ነበር። የሥራ ፈቃዱን ለማሳደስ ካመለከተ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ቲኬት ተቀብሎ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ በካቴና ታስሮ ወደ ካውንቲው እስር ቤት ተወሰደ።

በማግስቱ ዳኛዋ በ1,500 ዶላር ዋስ እንዲወጣ ፈቀዱ። ገንዘቡን ከእድሩ ሣጥን ተበድሬ ሄድኩና በመስኮቱ በኩል ከፍዬ ደረሰኝ ተቀበልኩ። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሠራተኛ ቀበቶውን፣ የጫማ ክሩንና ስልኩን የያዘውን ግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት ከመደርደሪያው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከዚያም ኮምፒውተሩን ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ ከረጢቱን አንሥታ ወደነበረበት መለሰችው። ሆልድ፣ ማለትም እንዳይለቀቅ የሚያደርግ የማቆያ ጥያቄ፣ እንዳለበት የነገረችኝ ከረጢቱን ከመለሰች በኋላ ነው።

እኛ ባደግንበት አገር ዋስ የጠራ ሰው ይወጣል። አንድ ሰው ቆሞ ስለ ሌላው በቀጠሮው ቀን አቀርበዋለሁ ብሎ ከፈረመ በሩ ይከፈታል፤ ባይከፈት እንኳ መከፈት እንደነበረበት ጠያቂውም ጠባቂውም ያውቃሉ። ስለዚህ ደረሰኙን ይዤ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆሜ የምሄድበት ጠፋኝ። በሦስተኛው ቀን ጠበቃው የወረቀቱን ቅጂ አሳየን። አይ-247ኤ የሚባል ቅጽ ነው፤ ሁላችንም አይስ የምንለው የኢሚግሬሽን አስከባሪ መሥሪያ ቤት ለእስር ቤቱ የጻፈው ሲሆን፣ ሰውየው መለቀቅ ከነበረበት ሰዓት ጀምሮ ከ48 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ እንዲያቆዩት ይጠይቃል። ከታች ያለው ፊርማ የመኮንን ነው፤ ዳኛ አልፈረመበትም። በአማርኛ የተጻፈ አንድም መስመር የለበትም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። የካውንቲውን እስር ቤት የሚያስተዳድረው ሸሪፍ ይህን ወረቀት የመፈጸም ግዴታ አለበት ወይስ በፈቃዱ ነው የሚፈጽመው? እኔ እስካሁን የማምነው በፈቃዱ እንደሆነና ሸሪፉንም የምንመርጠው እኛው እንደሆንን ነው። በእድሩ ስብሰባ የሸሪፋችንን ስም የሚያውቅ እጁን ያንሣ ብዬ ስጠይቅ፣ ከሠላሳ ሰው በላይ ከነበረበት አዳራሽ አንዲት ሴት ብቻ እጇን አነሣች። ፕሬዚዳንቱ በሳምንቱ የተናገረውን ግን ሁሉም በቃሉ ይዞት ነበር።

እስከ ትናንት ማታ ድረስ 31 ምላሾች ደርሰዋል። አንዳንዱ ሰው መሐሉን ዘልሎ እየገባ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚያነሣ፣ የተባለውን በቅደም ተከተል በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ።

ምላሾቹ

ምላሽ 1 እና 2 የሐዘን ተካፋይነታቸውን የገለጹና ጠበቃ መያዙን የጠየቁ ናቸው። ለሁለቱም ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

ምላሽ 3 ከቨርጂኒያ የጻፈ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ መንገዱን በሥርዓት ያስረዳ እሱ ነበር። በማናቸውም የካውንቲ እስር ቤት የሚነሣ የጣት አሻራ ወደ ኤፍቢአይ እንደሚላክና በ2008 በተጀመረው አሠራር መሠረት ከዚያ በቀጥታ ወደ አገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንደሚተላለፍ ገለጸ። ይህ ያለ ሸሪፉ ፈቃድ፣ ማንም ስልክ ሳይደውል የሚሆን ነው። የሸሪፉ ምርጫ የሚጀምረው ቀጥሎ፣ የማቆየቱ ጥያቄ በመጣ ጊዜ ነው። ለዚህም በፔንሲልቬንያ ሊሃይ ካውንቲ የደረሰውን አነሣ። በ2008 በዚያ የታሰረ ሰው ዋስትናው ተከፍሎለት እያለ፣ ይኸው ዓይነት ወረቀት ስለመጣበት የሳምንቱን መጨረሻ በእስር አሳለፈ። ሰውየው በኒው ጀርሲ የተወለደ አሜሪካዊ ዜጋ ነበር። በ2014 የሦስተኛው ክበብ (ክበብ የሚባለው ጥቂት ስቴቶችን የሚያቅፍ የፍርድ ቤት ክልል ነው) የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ወረቀቱ ጥያቄ እንጂ ትእዛዝ እንዳልሆነ፣ ካውንቲውም በሌላ ማሳበብ እንደማይችል ወሰነ። ይህን ሳነብ በደረሰኙ ላይ ያለውን ቀን ደግሜ አየሁ።

ምላሽ 4 የተባለውን በማጽናት ሥሩ የት እንደሆነ አከለ። በ1997 አንድ የሞንታና ሸሪፍ፣ የፌዴራል መንግሥት የጦር መሣሪያ ገዢዎችን ማንነት እንዲያጣራ ሲያዘው ተከራክሮ አሸነፈ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ዋሽንግተን የአካባቢ ሹማምንትን በራሷ ሥራ ላይ ማሰማራት እንደማትችል ደነገገ። ለጦር መሣሪያ ባለቤቶች የተገኘው ፍርድ ዛሬ ከአይስ ጋር መተባበር የማይፈልጉ ከተሞች የሚጠለሉበት ሆኗል። እስከዚህ ድረስ የእኔ እምነት የጸና መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ምላሽ 5 ግን በአክብሮት ሆኖ መሠረቱን ነቀለብኝ። ጸሐፊው ግዊኔት ካውንቲ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የኖረ ሰው ነው፤ የተባለው ሁሉ እውነት ቢሆንም በጆርጂያ እንደማይሠራ ተናገረ። የኢሚግሬሽን ሕግ በ1996 ሲሻሻል የገባው፣ በተለምዶ 287ጂ የሚባለው አንቀጽ፣ የካውንቲ ፖሊሶች ሠልጥነው የአይስን ሥራ እንዲሠሩ በስምምነት ይፈቅዳል። ኮብ ካውንቲ በ2007፣ ግዊኔት በ2009 ይህን ስምምነት ፈረሙ። በኖቬምበር 2020 ምርጫ ኪቦ ቴይለር በግዊኔት፣ ክሬግ ኦወንስ በኮብ ስምምነቱን እናፈርሳለን ብለው ተወዳድረው አሸነፉ፤ በጃንዋሪ 2021 ሥራቸውን እንደጀመሩም ቃላቸውን ፈጸሙ። ሸሪፍ በምርጫ ሲለወጥ የእስር ቤቱ አሠራር እንደሚለወጥ በዓይናችን አይተናል ማለት ነው።

ነገር ግን በፌብሩዋሪ 2024 በጆርጂያዋ አቴንስ ከተማ ውስጥ አንዲት የነርሲንግ ተማሪ ሩጫ ላይ ሳለች ተገደለች፤ ገዳዩም ድንበር አቋርጦ የገባ ሰው ነበር። በዚያው ሰሞን የስቴቱ ምክር ቤት ኤችቢ 1105 የሚባለውን ሕግ አጸደቀ፤ አገረ ገዢ ብራያን ኬምፕም በሜይ 1 ፈረሙበት። ሕጉ እስር ቤቶች የታሳሪዎችን የኢሚግሬሽን ሁኔታ እንዲያጣሩና የአይስን የማቆየት ጥያቄ እንዲያከብሩ፣ ሸሪፎችም ለ287ጂ ስምምነት እንዲያመለክቱ ያስገድዳል። እምቢ ያለ ሸሪፍ በወንጀል ይጠየቃል፤ ከስቴቱ የሚመጣ ገንዘብም ሊቀርበት ይችላል። ጸሐፊው ያሰመረበት ነጥብ ይህ ነው፦ የፌዴራል መንግሥት ካውንቲን ማዘዝ አይችልም፤ ስቴት ግን ይችላል፤ ካውንቲ የስቴት ፍጥረት ነውና።

ይህ ምላሽ ሐሳቤን ለውጦታል። ሸሪፉን በተመለከተ የጻፍኩት በ2021 ትክክል ነበር፤ ዛሬ ግን አይደለም። የበሩ ቁልፍ ከሸሪፉ ወገብ ላይ ተፈትቶ አትላንታ መሐል ወዳለው የስቴቱ ምክር ቤት የወርቅ ጉልላት ሕንፃ ተወስዷል፤ እኛም ሲወሰድ አላየንም።

ምላሽ 6 ይህን ሁሉ ማወቅ ምን ይረባል፣ የታሰረው ታስሯል የሚል አጭር ነው። ምላሽ 7 ለእሱ መለሰ፤ የቨርጂኒያውን ፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ አንሥቶ ያወቀ ሕዝብ ምን እንደሚያደርግ አሳየ። በዚያ በ2007 ኮሪ ስቱዋርት ይመሩት የነበረው የካውንቲው ቦርድ ፖሊሶች የሰዎችን የኢሚግሬሽን ሁኔታ እንዲጠይቁ ወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት ይኸው ቦርድ መመሪያውን ለውጦ ጥያቄው ለታሰረ ሰው ሁሉ እንዲቀርብ አደረገ። የእስር ቤቱ 287ጂ ስምምነት ደግሞ በ2020 አበቃ፤ ያንን የወሰነውም የእስር ቤት ቦርድ የሚባል፣ አብዛኛው ነዋሪ መኖሩን እንኳ የማያውቀው አካል ነው። ጸሐፊው በየካውንቲው ቁልፉን የያዘው አካል ስለሚለያይ የራሳችሁን እስር ቤት ማን እንደሚያስተዳድር ጠይቁ ሲል መክሯል።

ምላሽ 8 ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈች እኅታችን ናት። በሜሪላንድ ፍሬድሪክ ካውንቲ በኦክቶበር 2008 የደረሰውን ተረከች። አንዲት የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ ከምትሠራበት መደብር ጀርባ፣ ከኩሬው ፊት ለፊት ሣሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሳንድዊች ስትበላ ሁለት የሸሪፍ ፖሊሶች ቀርበው ማንነቷን ጠየቋት፤ ስሟን በሬዲዮ አጣርተውም የኢሚግሬሽን ማዘዣ አለባት ብለው ያዟት። ጉዳዩ አምስት ዓመት ፈጅቶ በ2013 የአራተኛው ክበብ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የአካባቢ ፖሊስ ከፌዴራል ባለሥልጣን መመሪያ ሳይኖረው በኢሚግሬሽን ፍትሐ ብሔር ጥሰት ብቻ ሰው መያዝ እንደማይችል ወሰነ። እኅታችን ይህን ካነበበች ጀምሮ ምሳዋን መኪናዋ ውስጥ መብላት እንደተወችና እንደሌላው ሰው ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንደምትበላ ጽፋለች። ምላሽ 9 ያ ፍርድ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን እንጂ በአሥራ አንደኛው ክበብ ሥር ያለችውን ጆርጂያን እንደማያስገድድ አረመ፤ እርማቱ ትክክል ነው፤ እሷም ተቀብላዋለች።

ምላሽ 10 የጻፉልን በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ በወጣትነታቸው ጎጃም ውስጥ የአጥቢያ ዳኛ ጸሐፊ ነበሩ። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ባለበት ይቆም እንደነበር፣ ያስቆመው ሰው ግን እሱም በዚያው ቃል ታስሮ ሳይውል ሳያድር ዳኛ ፊት የመቅረብ ግዴታ እንደነበረበት አስታወሱ። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ ቁራኛ ሆነው ሲሄዱ፣ ከሳሹም እንደ ተከሳሹ ነጻ አልነበረም። እርሳቸውን የቆረቆራቸው ሰውን ማስቆሙ አይደለም፤ ያስቆመው ወገን ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ወረቀት ልኮ በቢሮው መቀመጡ ነው። ከሕግ አዋቂዎቹ ማብራሪያ ሁሉ ነገሩን የገለጸልኝ የእርሳቸው ምላሽ ነው።

ከምላሽ 11 ጀምሮ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው በዲቪ የመጣ፣ ዛሬ ዜጋ የሆነ ሰው ነው። ሕግ የጣሰ መቀጣቱ ተገቢ እንደሆነ፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሹፌር ከሁለት ዓመት በፊት የሚስቱን መኪና ገጭቶ እንደጠፋና የሆስፒታሉን ወጪ እስከ ዛሬ እየከፈሉ እንደሆነ ጻፈ። የአቴንሷ ልጅ እናት በዚህ መድረክ ላይ ብትኖር ምን እንላት ነበር ሲልም ጠየቀ። ምላሽ 12 ይህን በቁጣ መለሰ፤ ጸሐፊውን አጥር ዘልሎ ከገባ በኋላ አጥር የሚያጥር አለው። ምላሽ 13 ደግሞ ወደ ትውልድ ቦታና ወደ ብሔር የተሻገረ ስድብ ስለሆነ ይዘቱን አልደግመውም፤ አስተባባሪዎቹ እንዲያነሡት ጠይቄ ተነሥቷል።

እኔ ግን ምላሽ 11 በስድብ የሚታለፍ አይደለም እላለሁ። የሚስቱ ጉዳት እውነት ነው፤ የአቴንሷም ልጅ ሞት እውነት ነው። ወንጀል የፈጸመ ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ እንዲቀጣ እኔም እፈልጋለሁ። የእኛው ሰው ግን ዳኛ ፊት ቀርቧል፤ ዳኛዋ ጉዳዩን ሰምተው በዋስ ይውጣ ብለዋል፤ ከዚያ በኋላ የያዘው ዳኛ ያልፈረመበት ወረቀት ነው። መብራቱ የተቃጠለበት ሹፌርና ገጭቶ የጠፋ ሹፌር በአንድ ሚዛን የሚሰፈሩ ከሆነ፣ የምላሽ 11 ቤተሰብም በዚህ ሚዛን ፍትሕ አላገኘም፤ ገጭቶ የጠፋውን ሰው እስካሁን ማንም አልያዘውምና። ይህንን በመድረኩ ላይም ጽፌለታለሁ። በምላሽ 15 ተመልሶ መጥቶ በአቋሙ እንደጸና፣ ነገር ግን ዋስ ከተከፈለ በኋላ ማቆየቱ ለእሱም ልክ እንዳልመሰለው ገለጸ። ምላሽ 14 አስታራቂ ነበር።

ምላሽ 16 በሴፕቴምበር 2025 በብራያን ካውንቲ፣ ኤላቤል፣ ሃዩንዳይ በሚያስገነባው ፋብሪካ 475 ሰዎች በአንድ ቀን መያዛቸውንና አብዛኞቹ የደቡብ ኮርያ ዜጎች እንደነበሩ አንሥቶ፣ ኮርያውያን በመንግሥታቸው ጥረት በሳምንት ውስጥ ወደ አገራቸው ሲበሩ የእኛ ኤምባሲ ምን ይሠራል ሲል ጠየቀ። ምላሽ 17 ያ የፌዴራል ዘመቻ በፍርድ ቤት የብርበራ ማዘዣ የተካሄደ ስለሆነ ከካውንቲ እስር ቤት ጉዳይ እንደሚለይ አስረዳ። ምላሽ 18 እና 19 ከዚያ ተነሥተው በ2013 ከሳውዲ ዐረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን የተባረሩበትን ጊዜ አስታወሱ፤ ከተመላሾቹ አንዷ የምላሽ 19 ጸሐፊ ታላቅ እኅት ናት። ታሪኩ ራሱን የቻለ መድረክ ይገባዋል፤ ወደ ነገራችን ልመለስ።

ከሁሉም ይልቅ ሰው ቢያነበው የምለው ከምላሽ 20 እስከ 23 ያለውን ነው። ምላሽ 20 አንዲት የጠበቃ ረዳት፣ ዋስትና ከመክፈላችን በፊት ሆልድ መኖሩን እስር ቤቱን ልንጠይቅ ይገባ እንደነበር ነገረችኝ። ምክንያቱም የ48 ሰዓቱ ቆጠራ የሚጀምረው ሰውየው መለቀቅ ከነበረበት ሰዓት ነው፤ ዋስትናው በተከፈለ ጊዜ ቆጠራውን እኛው እናስጀምራለን፤ አይስ በዚያ ውስጥ መጥቶ ከወሰደው ደግሞ የካውንቲው ክስ ሳይዘጋ ሰውየው ሩቅ ቦታ ባለ ማቆያ ይገኛል። በቀጠሮው ቀን ካልቀረበ የዋስትናው ገንዘብ ሊወረስ ይችላል። አንዳንዱ ጠበቃ ክሱ እስኪያልቅ ካውንቲው ዘንድ መቆየቱን ይመርጣል፤ ሌላው የኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ቶሎ መቅረቡን ይመርጣል፤ ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሁለቱንም ሕግ የሚያውቅ ሰው ማማከር የግድ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው በመስኮቱ በኩል የከፈልኩት፤ ቸኩዬ ከፈልኩ፤ የሠራሁትም መልካም መስሎኝ ነበር።

ምላሽ 21 ቅዳሜና እሑድ በ48 ሰዓቱ ውስጥ አይቆጠሩም አለ። ምላሽ 22 አርሞ፣ የፌዴራሉ ደንብ ቅዳሜን፣ እሑድንና በዓላትን እንደማይቆጥር፣ አሁን በሥራ ላይ ያለው ቅጽ ግን ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ብቻ እንደሚልና እነዚህን ቀናት ለይቶ እንደማያወጣ አመለከተ። ሰዓቱ ካለፈ ጠበቃው ለእስር ቤቱ በጽሑፍ ማመልከት እንዳለበትና ቅጂው ለታሳሪው ካልተሰጠ ቅጹ ተፈጻሚ እንደማይሆን ቅጹ ራሱ እንደሚናገርም አከለ። ይህን የመጨረሻውን ለጠበቃችን ልኬለታለሁ።

ምላሽ 23 የሥራ ፈቃዱን በተመለከተ የጻፈች ነርስ ናት። ከኦክቶበር 30 ቀን 2025 ወዲህ ለእድሳት ያመለከተ ሰው፣ ቀድሞ እስከ 540 ቀን ይሰጥ የነበረው በራሱ የሚራዘም ጊዜ እንደቀረበትና መንጃ ፈቃዱም አብሮ እንደሚወድቅ አስገነዘበች። የእኛ ልጅ ያመለከተው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ከእንግዲህ እያንዳንዳችን ቀኑ ከማለፉ ከስድስት ወር በፊት ማመልከት እንዳለብን፣ ወረቀቱ እስኪመጣም ሌላ ሰው እንዲነዳልን መክራለች። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ማንን ለምኖ እንደሚሳፈር ግን ሁላችንም ማሰብ አለብን፤ ከመጋዘኑ ደጅ በሌሊት የሚያልፍ አውቶቡስ የለም።

ምላሽ 24 የገንዘቡን ነገር አነሣ። በ2025 መጀመሪያ በአገሪቱ 135 ያህል የነበሩት የ287ጂ ስምምነቶች በዚያው ዓመት ከ1,000 አልፈዋል፤ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ለዚህ ሥራ የሠለጠኑትን የአካባቢ ፖሊሶች ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ይከፍላል። ቀድሞ ካውንቲዎች ወጪውን ራሳቸው ይሸፍኑ ስለነበር በቦርድ ስብሰባ ላይ ወጪው በዛ ብሎ መከራከር ይቻል ነበር፤ ያ ክርክር አሁን አልቋል። ምላሽ 25 ይህን አንብቦ እንግዲህ ምንም የቀረልን ነገር የለም ሲል ደመደመ።

ምላሽ 26 ከክላርክስተን የጻፈ የታክሲ ሹፌር ነው፤ የቀረውን በትክክል ያመለከተው እሱ ነው። የስቴቱ ሕግ የሚጀምረው ሰው እስር ቤት ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት፣ መንገድ ዳር፣ ፖሊሱ ቲኬት ሰጥቶ ማሰናበትም ካቴና ማውጣትም ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የፖሊሱ ውሳኔ ነው፤ ለፖሊሱ መመሪያ የሚሰጠው ደግሞ የከተማው ፖሊስ አዛዥ ነው፤ አዛዡ የሚጠየቀውም በከተማው ምክር ቤት ነው። የጣት አሻራው ካልተነሣ ቅጹ አይመጣም። እሱ ራሱ መንጃ ፈቃዱን ቤት ረስቶ በሁለት የተለያዩ ከተሞች ተይዞ ያውቃል፤ በአንዱ በአሥር ደቂቃ ተሰናበተ፤ በሌላው መኪናው በተጎታች ተወስዶ ሌሊቱን ታስሮ አደረ። ሕጉ አንድ ነው፤ የለየው የከተማው ወሰን ብቻ ነው። ምላሽ 27 ክላርክስተን በ2017 ያለ ዳኛ ማዘዣ ሰው ለአይስ እንዳይቆይ ብትወስንም የራሷ እስር ቤት ስለሌላት ውሳኔው ብዙም እንዳልረዳ ተከራከረ። ምላሽ 28 ደግሞ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚለውን ተረት ጠቅሶ፣ ቆራጩን ከመውቀስ ደጃፉን መጠበቅ እንደሚቀድም በጥቂቱ በሚያስቆጣ አነጋገር ጻፈ። አነጋገሩ ቢጎረብጠኝም አልተቃወምኩትም።

ምላሽ 29 የታሰረው ልጅ አሁን የት እንዳለ ጠየቀ። ከቤታችን ከሁለት ሰዓት በላይ በሚያስነዳ የኢሚግሬሽን ማቆያ ይገኛል፤ የዳኛ ቀጠሮው በሚቀጥለው ወር ነው። የፕላስቲክ ከረጢቱን ለእኔ እንዲሰጡኝ ፈርሞ ስለላከ አሁን እኔ ቤት ነው ያለው።

ምላሽ 30 በስብሰባው ላይ ብቻዋን እጇን ያነሣችው ሴት ናት፤ በዚህ መድረክ እንደምትጽፍ አላውቅም ነበር። የሸሪፉን ስም ያወቀችው በ2020 በር ለበር እየዞረች ለምርጫው ስለቀሰቀሰች እንደሆነ ነገረችን። በየቤቱ የምታገኛቸው ወገኖቻችን ብዙዎቹ ለፕሬዚዳንቱ ድምፅ እንደሚሰጡ፣ ከዚያ በታች ያለውን የወረቀቱን ክፍል ግን ባዶ እንደሚተዉት ይነግሯት ነበር። ያ ምርጫ ተሳካ፤ ሦስት ዓመት ተኩል ሠራ። በ2024 መጀመሪያ ሕጉ በስቴቱ ምክር ቤት ሲታይ ግን ከማንም አልሰማችም፤ እሷም የአሮጊት እናቷን ሕመም ስታስታምም ነበርና ያወቀችው ከተፈረመ በኋላ ነው። የምክር ቤቱ ስብሰባ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ተጀምሮ ለ40 የሥራ ቀናት ብቻ እንደሚቆይ፣ እንደራሴዎቹም በየሁለት ዓመቱ፣ በዚህ ዓመት ኖቬምበርም ጭምር፣ እንደሚመረጡ ጽፋ፣ የሸሪፍ ምርጫ ግን እስከ 2028 እንደማይመጣ አስታወሰች። ማንንም አልወቀሰችም።

ምላሽ 31 አንድ መስመር ነው፤ በስቴቱ ምክር ቤት የእኛን ሰፈር የሚወክለው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። እስከ ትናንት ማታ ድረስ የመለሰ የለም። እኔም አላውቅም ነበር። አድራሻዬን አስገብቼ ፈለግሁና ስሙን በዋስትናው ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩት፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ ስብሰባ አነበዋለሁ።